የሰዓቴ አሮጌ ፊት

ልጄ ሳላሀዲን፤

ባለፈው መጥተህ ስትመለስ ሳትጠይቀኝ ሰዓቴን ከሳጥኔ ወስደህ ፊቷን አስለወጥክ። ሰላምታው ይቆየኝና መጀመሪያ ይህን ብያለሁ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። እንዴት ነህ? የዱባይ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ባለቤትህን ዛህራን ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጅህ አሚኑስ ትምህርቱን ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እግሬ ብቻ ደረጃ እንቢ ብሏል።

እህትህ ሰፍያ ትንከባከበኛለች፤ አላህ ይስጣት። ነገር ግን ወደ ቤቷ ወልቂጤ ካመጣችኝ ወዲህ የግቢው ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም። ባለፈው ወር ቡታጅራ ያለውን የሰዓት መጠገኛ ሱቄን ልይ ብዬ በምርኩዝ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ያውቃት ኖሮ ደወለላት። መጥታ እንደ ገበያ በግ ጎትታ አወረደችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መስኮት ዳር ተቀምጦ ሰዓት መሙላት ነው። አራት ነበሩ፤ አሁን የምሞላው ሦስቱን ብቻ ነው።

አንተ እያወቅህ ነው ያጠፋኸው። የኦርሴል ሰዓት ፋብሪካ ድሮ ተዘግቶ፣ በኋላ ሌሎች ሰዎች ስሙን ገዝተው በአሮጌው መልክ እንደገና መሥራት ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዓቶች ጥቂት እንደነበሩ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አንብቤ ነግሬሃለሁ። የእነዚያ ቁጥሮች ነጭ ሆነው ተሠርተው በዕድሜ ማር መስለዋል። የኋለኞቹ ግን ከፋብሪካው ሲወጡ ጀምሮ የማር ቀለም የተቀቡ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የለቀምኳቸው ለዚያ ልዩነት ብዬ ነው። ያቺን የወሰድካትንማ ባለቤቷ የጎማ ነጋዴ ውሃ ገብቶባት ሞተች ብሎ ሲተዋት፣ ሦስት ወር ታግዬ ነፍስ ዘራሁባት።

አንተ ለፋብሪካው ልከህ አዲስ ፊትና አዲስ ጠቋሚ አስገባህላት። የጠርዟን ብረት አስሞርደህ ያለቀ ሳሙና አስመሰልካት። ከዚያ "አባዬ፣ አዲስ ሆናለች፣ ትደሰታለህ" ብለህ ላክህ። አዲስ ማን ፈለገ?

የሚያንቀኝ ግን ለማንም መናገር አለመቻሌ ነው። ጎረቤታችን ዳምጤ አይቷት "አብዱልሃፊዝ፣ ልጅ ማለት ይህ ነው! የእኔው ካልሲ እንኳ አልላከልኝ" አለኝ። ሰፍያም እንግዳ በመጣ ቁጥር "አባዬ፣ የሳላሀዲንን ሰዓት አሳያቸው" ትላለች። የሳላሀዲን ሰዓት! ባወልቃት የልጁን ስጦታ ናቀ ልባል ነው። ስለዚህ እጄ ላይ ናት፤ ስንት ሰዓት ነው ሲሉኝ ግን ግድግዳውን አይቼ እመልሳለሁ።

አሮጌው ፊትና ጠቋሚዎቹ በትንሽ ላስቲክ ታሽገው ሰዓቷን ከላክህበት ካርቶን ሥር አገኘኋቸው። ልመልሳቸው ሦስት ቀን ሞከርኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ጠቋሚ ወድቃ ምንጣፉ ውስጥ ገባች፤ ሰፍያ ሳታየኝ ተንበርክኬ በመዳፌ ዳብሼ ነው ያገኘኋት። ለሌላ ሠሪ አልሰጥም፤ እዚህ ያሉት ባትሪ መቀየር ነው የሚያውቁት። ወረንጦ አያያዝ ከእኔ የተማረ አንተ ብቻ ነህ። አጥፊውም ጠጋኙም አንድ ሰው ሆነብኝ።

ስለዚህ ለዓረፋ ስትመጣ፣ ገና በጉ ሳይታረድ፣ ይዘኸኝ ቡታጅራ ሱቁ ትሄዳለህ። ሰፍያን በሩን ክፈቺለት በላት፤ አንተን ትሰማለች። ወረንጦህ በግራው መሳቢያ በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ አለ። አንተ ትሠራለህ፤ እኔ መብራቱን እይዝልሃለሁ። የተሞረደው ብረት አይመለስም፤ እሱን ትቼዋለሁ።

ዛህራን በጣም ሰላም በላት፤ ቅባቱን ማታ ማታ ትቀባ። አሚኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ሰፍያና ባሏ ሰይዶ ሰላም ይሉሃል። ዳምጤም ሰላም ብሎሃል፤ ካልሲ ካመጣህ አርባ ሁለት ቁጥር ነው።

ፊቷ የተመለሰ ዕለት ነገሩ አለቀ። ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፤ ብትጠይቀኝም አልመልስልህም። በስልክ ቢሆን፣ በሽማግሌ ፊት ቢሆን፣ ልሞት ተኝቼ እንኳ ቢሆን፣ ስለዚህ ነገር ከአፌ ሁለተኛ ቃል አይወጣም።

አባትህ አብዱልሃፊዝ
ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.