ነጭ አንሶላ በቆቃ ዳር፦ የመምህርት ውዴ ጫምሳ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ውዴ ጫምሳ ከአባታቸው ከአቶ ጫምሳ ኦሊቃና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺዓለም ዲበኩሉ በ1953 ዓ.ም. ቆቃ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቆቃ ግድብ ዘበኛ፣ እናታቸው አሳ ሻጭ ነበሩ። አንደኛ ደረጃን በተወለዱበት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃን ናዝሬት ተምረው በባዮሎጂ ዲግሪያቸውን አገኙ። ሻሸመኔ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ ወደ ናዝሬት ተዛውረው ጡረታ እስኪወጡ እዚያው አገልግለዋል። በ1979 ዓ.ም. ከአቶ ማናሴ ቶኩማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቢሊሴንና ሃዊን አፍርተዋል።

እስከዚህ ያለውን ማንም አይቃወመንም። ቀጥሎ ያለውን ግን እኛ ወንድሞቻቸው "ለቀብር አይሆንም፣ አውጡት" ተብለናል። አላወጣንም። ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሥራ ቆርጠን ከጣልን የምንቀብረው ሌላ ሰው ነው።

መምህርት ውዴ ያጠኑት በቆቃ ሐይቅ ዳር ደንገል ውስጥ የሚኖሩትን፣ የአንድ ወገን የሆኑ ትናንሽ ነጣ ያሉ የእሳት እራቶችን ነው። ክንፋቸው ውሃ የገባበት ወተት ይመስላል፤ ሲያርፉ ጀርባቸው ላይ እንደ ጎጆ ክዳን ይገጥሙታል። እናቲቱ እንቁላሏን ቅጠል ላይ ጥላ ከጅራቷ ጫፍ ባለው ጸጉር ትሸፍነዋለች። የሚፈለፈለው ትል ደንገሉን ሰርስሮ ገብቶ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ክንፍ ለማውጣት ከመተኛቱ በፊት ለመውጫው መስኮት ቦርቡሮ ስስ ልጣጭ ብቻ ያስቀራል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚያኝክበት አፍ የለውምና። መምህርት ውዴ ይህችን መስኮት ለተማሪ ሲያሳዩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

እራቶቹን ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ ከናዝሬት ቆቃ እየመጡ፣ ሲመሽ ሐይቁ ዳር ነጭ አንሶላ ወጥረው ፋኖስ ያበሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የመስኖ በቆሎው አገዳውን ሰርስሮ በሚበላው ትል፣ በአገዳ ቆርቁር ሲጠቃ፣ አብሮ አደጋቸው አቶ ገርባ አንሶላው በነጭ ክንፍ ተሸፍኖ አዩና መንደሩን ሰበሰቡ።

"ውዴ፣ አጥፊው! ማሳችን ላይ እየጠራሽብን ነው" አሏቸው።

"የእኔዎቹማ አንሶላዬ ላይ ናቸው ገርባ። የአንተን ማን ጠራው?"

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ፋኖሱን ከመሰበር አላዳነውም። ብዙም ሳይቆይ ደንገሉ ተቃጠለ። "ትል ጠሪዋ" የሚለው ስም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተከተላቸው፤ አጠገባቸው መቀመጥ የተዉ ነበሩ። ዛሬም እዚህ መካከላችን ቆመዋል።

እውነቱን እንናገር። ከዚህ ወገን ሩዝና ሸንኮራ አገዳ የሚያጠፉ አሉ፤ መምህርት ውዴ ይህን አልካዱም። የቆቃዎቹን ትሎች ግን በቆሎ አገዳ ውስጥ አስገብተው ደጋግመው ሞክረዋል፤ ሳይበሉ ሞቱ። በቆሎውን የበላው ሌላ፣ ቡናማ የእሳት እራት ነው። እሱ የሚከርመው ለማገዶና ለአጥር ብለን በየደጃችን በምንከምረው ደረቅ አገዳ ውስጥ ነው። እኛ ደንገሉን አቃጥለን ክምሩን ቤታችን አስቀመጥን! በዓመቱ ቆርቁሩ ተመለሰ። መምህርት ውዴ ከአቶ ገርባ አጥር አንድ አገዳ መዝዘው በመስኖ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሰነጠቁት፤ ትሉ ውስጡ ነበር። አቶ ገርባ "እሺ፣ አየሁ" አሉ። ይቅርታ ግን አልወጣቸውም። ትናንት "አውጡት" ያሉንም እሳቸው ናቸው፤ ማኅበሩ ያን ትል አይቶም እንደገና የበቀለውን ደንገል በመጪው ሳምንት ሊያቃጥል ወስኗልና፣ ይህ ዛሬ እንዲነበብ አልፈለጉም።

መምህርት ውዴ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሳሉ ሃዊን ልከው ከአዲሱ ደንገል አንድ ዘንግ አስመጡ። በጣታቸው ዳሰሱት፤ መስኮቷ ነበረች። "ተመልሰዋል" አሉ። ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው በጌታ አንቀላፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኛ ወንድሞቻቸው ቀርተናል።

ሳጥናቸውን የሸፈነው ያ አንሶላ ነው። የፋኖሱ ጥላሸት አለበት፤ አላጠብነውም። ዛሬ በእድሩ ተራ ከሚሸከሙት አንዱ አቶ ገርባ ናቸው፤ እጃቸው ጨርቁን ይነካዋል። አቶ ገርባ፣ ሲመለሱ ደጅዎ ያለውን ክምር ያቃጥሉ። ደንገሉን ይተዉት። ይቅርታዎን በዚያ እንቀበላለን።

ለትንሿ ፍጥረት መውጫዋን ያሰበ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በብርሃኑ ያሳርፍ።