በጸሎት የታረሰው መሬት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቤታችን ታሪክ ጸሐፊ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከጎረቤቴ በስተቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ስለ አያትህ የጻፍከው መጽሐፍ ረቂቅ ደርሶኛል። ፖስተኛው ክብደቱን አይቶ "እትዬ፣ ጡብ ነው እንዴ የላኩልዎት?" አለኝ። "አባቴ ነው" አልኩት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአርባ ዓመቴ በተማርኩት ፊደል፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ያለ አባት እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። ገጽ አሥር ላይ ጉልበቱ በስግደት ብዛት ጠጥሯል። ገጽ ሃያ ላይ ወፎች እሱ የዘራውን ላለመልቀም ተማምለዋል። እኔ የማውቃቸው ወፎች እንኳ ይህን ያህል መንፈሳዊ አልነበሩም፤ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ሳባርራቸው የምውለው እኔ ነበርኩ። ይሁን፣ ወፍ መጽሐፍ ስለማያነብ አይከስህም።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ቆምኩ። አያትህ በጸሎት መጽሐፉ ኅዳግ ላይ በገዛ እጁ የጻፋትን ማስታወሻ ፎቶ አንስተህ አስገብተሃታል፦ "አንዱ በሬ ሞተ። በጸሎት አረስኩ።" ከዚያ ሦስት ገጽ ሙሉ ተአምሩን ስትተነትን፣ መሬቱ ራሱን በራሱ ገለበጠ ለማለት ምንም አልቀረህም። በሸኚው ደብዳቤህም "አክስቴ፣ ተአምሩ ሲሆን እዚያው ነበርሽ፤ አንድ ገጽ ምስክርነት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው" ትለኛለህ።

ምስክርነቴ ይኸውልህ።

አባቴ በሕይወት ዘመኑ አንዲት ውሸት አልወጣችውም። ያቺ ጽሑፍም እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ እውነት ናት። አንዱ በሬ ሞተ፤ እሱም በጸሎት አረሰ። ጸሎት እኔ ነኝ።

እናቴ ስታምጥ እሱ ተንበርክኮ እየጸለየ ነበር አሉ፤ "አሜን" ሳይል ስለደረስኩበት የቤት ስሜ ጸሎት ሆነ። መዝገብ ላይ ያለውን ስሜን ታውቀዋለህ፤ ይህኛውን ግን ከእኔና ከአባትህ በስተቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬው የሞተው ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት ነው። ሸክላ ሠሪው ጎረቤታችን ዕለቱን መጣና "የኔን በሬ ውሰደው፤ ዘርህን እስክትጨርስ እዚሁ ይቆይልህ" አለው። አባቴ አመሰገነው፤ መረቀውም። ከዚያ "ግን አንተ በሰንበት ጭቃ ስታቦካ አይቼሃለሁ። ሰንበት የሚሽር ሰው በሬ መሬቴን አይረግጥም" አለው።

"ሰንበት የሻርኩት እኔ ነኝ እንጂ በሬው ምን አደረገ?" አለ ሰውየው። "እሱ እንኳ በሰንበት ያርፋል።"

በማግሥቱ የቀንበሩ አንዱ ወገን ለተረፈው በሬ፣ ሌላው ለእኔ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እኔና በሬው በቁመት ስለማንመጣጠን ቀንበሩ ወደኔ ያዘነብላል፤ አባቴ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። ደግነቱን መካድ አልፈልግም፤ "ርኅራኄው" ያልከው ምዕራፍ ውስጥ አስገባልኝ። በሬው ከሁላችን ጨዋ ነበር፤ ስቆም ይቆማል። አባቴ እርፉን ጨብጦ እየዘመረ ከኋላ ይመጣል።

"አባዬ፣ ትከሻዬ ተላጠ።"

"ጸሎት፣ ቀጥ በይ። ትልሙ ተጣመመ።"

በሦስተኛው ቀን ሸክላ ሠሪው በመንገድ ሲያልፍ አየን። የተሸከመውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠና "አንተ ሰው፣ ምን እያደረግህ ነው?" አለ።

አባቴ ቀና ብሎ "በጸሎት እያረስኩ ነዋ" አለው።

አባቴ በዕድሜው የቀለዳት ቀልድ ይህች ብቻ ናት። በጣም ስለጣመችው ዕለቱን ኅዳጉ ላይ አሰፈራት። ሸክላ ሠሪው አልሳቀም። በሬውም አልሳቀም። አንተ ግን ከስድሳ ስድስት ዓመት በኋላ ተአምር አደረግካት።

በአራተኛው ቀን ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ገጽ ሃምሳ ላይ "አክስቴ ከትሕትናዋ ብዛት ስትጸልይ እጇን ወደ ሰማይ አታነሳም" ብለህ ያመሰገንከኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ክረምት ወዲህ ጸሎት ተብዬ ስጠራ አልሰማ አልኩ። ሲሰለቻቸው ተዉት።

መግቢያውን አባትህ እንደጻፈው አይቼ ባለፈው እሑድ ደወልኩለት።

"መሬቱ ያለ ሁለተኛ በሬ ሲታረስ በዓይኔ አይቻለሁ ብለሃል" አልኩት።

"ታዲያ ውሸት ነው እንዴ፣ እታለም?"

"አይደለም። ጸሎት ማን እንደሆነች ለልጅህ ነገርከው?"

"ልጁ እኮ ስንት ዓመት የለፋበት ነው" አለኝ።

"እኔስ?"

"መስመሩ ይቆራረጣል፤ አትሰሚኝም" አለ። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ምራቁን ሲውጥ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አትቆጣው። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ሲመለስ እርሻው ዳር ቆሞ ያየናል። ሰብሉ ጥሩ ሆነ፤ እሱም በልቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ሲቆጠር ሲቆጠር አንተም፣ መጽሐፍህም የመጣችሁት ከዚያው ትልም ነው።

መጽሐፍህን አልቀማህም። ወፎቹንም ተዋቸው፤ ሰው ቅዱስ አያት ቢኖረው ይወዳል። የምለምንህ አንዲት ቃል ብቻ ነው። በእኛ ፊደል የሰው ስም ከሌላው ቃል የሚለይበት ምልክት የለውም፤ "በጸሎት" ተብሎ ከተተወ አንተ የተሳሳትከውን ሁሉም ይሳሳታል። ከፎቶው ሥር "በልጄ በጸሎት" ለማለት ነው ብለህ ጻፍልኝ። ይህ ከከበደህ እኔን ከመጽሐፉ ጨርሰህ አውጣኝ፤ ትሕትናዬንም ጭምር።

አምላክ ጤናህን ይስጥህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ከባድ ነገር ትከሻቸው ላይ አያሳርፍባቸው።

ደግሞም የላክልኝን ፎቶ በማጉያ መነጽር ደጋግሜ አየሁት። "ልጄ" ሁለት ፊደል ናት። ኅዳጉ ላይ ሰፊ ቦታ ነበረው።

የአያትህ ልጅ፣
አክስትህ