ሁሉም ልጅ ስለተጠራበት የልደት ግብዣ

ለተከበሩ ወይዘሮ ግሬቸን ሆልምክዊስት፣
የሰፈራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢና የአጥር ጎረቤቴ፤
ሚኒሶታ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እኛ ጓሮ ገብቶ የሚቆፍረው ውሻዎም ሳይቀር ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ልጄ ሊንያ ዘንድሮም ትምህርቷን ቤት ውስጥ ከእኔው ጋር እየተማረች ስለሆነ፣ በዚሁ ጉዳይ ባገኙኝ ቁጥር ላሳዩኝ አሳቢነት በይፋ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፈተናው። ባለፈው ወር ሱፐርማርኬት ተሰልፈን ሳለ፣ እንቁላልዎን እንደያዙ ወደ ልጄ ጎንበስ ብለው «እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት ነው?» አሏት። ሃምሳ ስድስት ብላ መለሰችልዎ። እርስዎም ስልክዎን አውጥተው አረጋገጡ። የሌላ ሰው ልጅ ወረፋ መሐል ሲፈተን አይቼ ስለማላውቅ፣ ክብሩ ለእኛ ብቻ መሰጠቱ አኩርቶናል።

ሁለተኛ፣ «እኔ እኮ ትዕግሥቱ የለኝም፤ ከልጆቼ ጋር ቀኑን ሙሉ ብውል አብዳለሁ» ማለትዎ። ልጆችዎ አጠገብዎ ቆመው ስለነበር እነሱም ሰምተዋል። እውነቱን ለመናገር ትዕግሥት እኔም የለኝም፤ ማክሰኞ ዕለት ከሊንያ ጋር በማካፈል ሒሳብ ተጣልተን፣ ጋራዥ ገብቼ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ብስኩት በልቻለሁ።

ሦስተኛ፣ «ግን ከሰው ጋር እንዴት ትለምዳለች?» የሚለው ጭንቀትዎ። በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሁለቱ ልጆችዎ ከቁርስ እስከ እራት እኛ ቤት ስለሚውሉ፣ እስካሁን የለመደችው ከእነሱ ጋር ነው።

አራተኛው ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ቅዳሜ ልጅዎ ፔይጅ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ማንም ልጅ ቅር እንዳይለው፣ የልደት ግብዣ የሚደግስ ወላጅ የልጁን የክፍል ጓደኞች በሙሉ ይጥራ የሚለውን ደንብ ያረቀቁት እርስዎ ነዎት፤ ደንብዎንም አክብረው ሃያ ሦስት ልጆች ጠሩ። የእኔ ልጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ሊንያ ለፔይጅ ብላ ሁለት ሳምንት ስትሠራው የሰነበተችውን የእንጨት የወፍ ቤት ጠቅልላ ታቅፋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ «እማ፣ እኔ የማን ክፍል ነኝ?» አለችኝ። ሰባት በስምንት ብትለኝ ኖሮ በመለስኩላት።

እንግዲህ የተከበረውን ሰብሳቢነትዎን የምለምነው፣ ደንቡ ላይ «ጎረቤትም» የምትል አንዲት ቃል እንዲጨምሩልን ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የባለ አንድ ተማሪው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ዘበኛና ወጥ ቤት፣ እንዲሁም የበረዶ ቀን ሞግዚትዎ፣
ማሪት ሶልበርግ

ማስታወሻ፦ የግብዣው ዕለት ማምሻውን ፔይጅ ሁለት ቁራሽ ኬክ ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣችና፣ ልጄን «ምነው ቀረሽ? ስጠብቅሽ ነበር እኮ» አለቻት። የወፍ ቤቷን ተቀብላ ተመልሳለች። «ምነው ቀረች?» የሚለውን ጥያቄዋን ግን ለእናትሽ አቅርቢ ብያታለሁና ዛሬ ነገ ትጠይቅዎታለች። መልሱን ስልክዎ ላይ አያገኙትም።