ያላስረከብኩት ቅጠል አይሠራም ስለመባሉ

ለባህላዊ መድኃኒቶች ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ደብዳቤያችሁ በደረሰኝ በአራተኛው ቀን

ጉዳዩ፦ የስኳር ሕመም ቅጠሌ መዝገብ እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። በማታው ትምህርት ከሃያ ስምንት ተማሪ አንደኛ የወጣሁ ሰው ጸሐፊ አይቀጥርም። መምህሬም «ፊደሉን እንደ ፍራሽ ትሰፋዋለህ» ብለውኛል፤ ምስጋና ይሁን ስድብ ገና እያጣራሁ ነው።

1. ሥራዬ ፍራሽ ሰፊነት ነው። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። የሐኪሟን ኪኒን ሳታቋርጥ፣ ከአባቴ የወረስኩትን ቅጠል ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት አፍልቼ አጠጣኋት። ስኳሯ ወረደ፤ እኔም በሰፈሩ ደረቴን ነፋሁ። በቅርቡ ግን ከልክ በታች እየወረደ ሁለት ጊዜ ጣላት፤ አንዴ ልብስ እያጠበች። ሐኪሟ «የሚጥልሽ ቅጠሉ ይሁን ኪኒኑ ሳይታወቅ የኪኒኑን መጠን ልወስንልሽ አልችልም፤ ቅጠሉን እስኪመረመር አቁሚው» አሏት። ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው።

2. ተረካቢዋ ባለሙያ አንድ ጆንያ እንዳመጣ አዘዘችኝ። ቀጥላ «የት ነው የሚበቅለው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። አንዴ ቢሆን ሥራዋ ነው እል ነበር፤ ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ግን ማጭድ ይዟል። ይባስ ብሎ ሻይ አስመጣችልኝ። መሥሪያ ቤት ለፍራሽ ሰፊ ሻይ ሲጋብዝ አይቼ አላውቅም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው ብዬ ጠጥቼ ወጣሁ።

3. እውነቱን ለመናገር፣ በጆንያው የሞላሁት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው አጥር የለቀምኩትን መልከ ተመሳሳይ ቅጠል ነው። አይጠቅምም፣ አይጎዳም፤ ፍየል እንኳ አሽትታ ታልፈዋለች። «ይሠራል» ካላችሁ ሳትመረምሩ ነው የምትጽፉት፤ «አይሠራም» ካላችሁ እውነተኛውን አመጣለሁ አልኩ። ፈተናው ብልህ እንደነበር አሁንም አምናለሁ።

4. ሰኞ «በስኳር መጠን ላይ ለውጥ አላሳየም፤ መዝገቡ በአሥራ አምስት ቀን ይዘጋል» የሚል ደብዳቤ መጣ። እስከ አምና ደብዳቤ የምታነብልኝ ባለቤቴ ነበረች፤ ይህን ግን በኩራት ጮክ ብዬ ራሴ አነበብኩት። ጥፋቴ እሱ ነው። «ታዲያ ሁለት ዓመት ያጠጣኸኝ ምንድን ነው?» አለች። የጆንያውን ነገር ብነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ መሬት ላይ ስወድቅ አንተ ቢሮ ትፈትናለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውሃ አትቀበልም፤ ብርጭቆውን ራሷ አጥባ፣ ራሷ ቀድታ ትጠጣለች።

ስለዚህ መዝገቡ እንዳይዘጋ፣ እውነተኛው ቅጠል ከኪኒኗ ጋር ሲገናኝ የሚያደርገውም አብሮ እንዲመረመር በትሕትና አመለክታለሁ። «ጆንያው ሲከፈት ቆሜ ልይ» የሚል ሌላም ጥያቄ ነበረኝ፤ ባለቤቴ አንብባ ሰርዛዋለች።

የፊታችን ሰኞ ጠዋት እውነተኛውን ቅጠል የምታስረክበው እሷ ናት። ቦታውን ትናንት ወስጄ አሳይቻታለሁ፤ ስንት ጊዜ ብትጠይቋትም ትነግራችኋለች። ጆንያውን እስከ በራችሁ ልሸከምልሽ ብዬ ለምኛት ነበር፤ «ራቅ ብለህ ተከተለኝ» ብላኛለች።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር፣

ፍራሽ ሰፊው (በሰፈሩ «መርፌው»)
ፊርማ፦ የራሴ፤ የጣት አሻራ አይደለም