በልክ የተያዘ ፊልተር፦ ስለ ማስተር ክዋበና አሜያው ዕረፍት

የኩማሲ ምዕራብ የቁም ፎቶ አንሺዎችና አስተካካዮች ማኅበር የመሥራች አባሉንና የብዙዎቻችንን መምህር የማስተር ክዋበና አሜያውን ሞት ለአባላቱ፣ ለደንበኞቹና ለከተማው ሕዝብ የሚያሳውቀው በታላቅ ሐዘን ነው። ማስተር ክዋበና በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2024 በሰባ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ኩራታችንም ከሐዘናችን አያንስም። ዛሬ በከተማችን መገናኛ መንገዶች በሚሰቀሉ የቀብር ፖስተሮች ላይ የሟች ፊት ሟቹን መስሎ የሚታየው በአብዛኛው በእሳቸው ትምህርት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1971 ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ በሣጥን ካሜራ ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን የፊት መስመር የሚለሰልሰው በሾለ እርሳስ፣ በፊልሙ ኔጋቲቭ ላይ ነበር። እሳቸው እርሳሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አሳርፈው ያነሡት ነበር።

በ1984 የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ።

በ1999 ኮምፒውተር ወደ ሙያችን ሲገባ አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ከልጆቻቸው እኩዮች ጎን ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚያስተምርበትን ቅደም ተከተል አወጡ። መጀመሪያ ቅንብሩ ይታያል፤ ዓይኖቹ የት ላይ ይውላሉ፣ ከራስ በላይ ምን ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል፣ እጆቹ ምን ይሠራሉ። ቀጥሎ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይጣራል። ቀለም የሚቀይረውና ቆዳ የሚያለሰልሰው ፊልተር የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ከኃይሉ ሲሶ አያልፍም። «ሰው ከፊቱ በፊት ፊልተሩን ካየ፣ እናንተን ነው ያየው» ይሉ ነበር።

የተጠናቀቀውን ሥራ በመዳፍ መጠን አትመው ሰውየውን ለሚያውቅ ጎረቤት ያሳዩ ነበር። «ይሄ ማነው?» ሲባል ጎረቤቱ ወዲያው ስሙን ከጠራ ሥራው አለፈ። «ቆይ እስቲ» ካለ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል። በማኅበራችን እስከ ዛሬ ፊልተር የበዛበት ሥራ «ቆይ እስቲ» ይባላል።

በ2016 የቲማቲም ነጋዴዋ እማማ ፖኩዋ ቆዳቸው እንዲቀላና የጉንጫቸው ምልክት እንዲጠፋ ጠየቁ። ማስተር ክዋበናም «አጠፋዋለሁ፣ እማማ። ግን ነገ ደንበኞችዎ ‹የእማማን መደብ ማን ቀማቸው?› ብለው ከእኔ እንዳይጣሉ» አሉ። «አንተ፣ ያንተን ምላስ ደግሞ በምን እናስተካክለው?» አሉ እማማ። ምልክቱ ሳይነካ የታተመው ፎቶ ዛሬም ከመደባቸው በላይ ተሰቅሏል።

ማኅበሩ በዚህ አጋጣሚ አንድ መዝገብ ማረም ይገባዋል።

በ2013 ከማስተር ክዋበና ፎቶ ቤት አንድ የቀብር ፖስተር ወጣ። ሟቹ ገበሬ ነበሩ፤ ቤተሰቡ የነበረው ትንሽ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። እንደ ሙያችን ልማድ ጭንቅላቱ በክብር በለበሰ በሌላ ሰው አካል ላይ ተቀጠለ። የተመረጠው አካል ግን የባህል አለቃ ብቻ የሚለብሰውን ዓይነት ኬንቴ የተባለ የጥበብ ልብስና የወርቅ ጌጥ ያደረገ ነበር። አንገቱን ከግራ፣ ፊቱን ከቀኝ ብርሃን ይመታቸው ነበር። ፖስተሩ በሦስት መገናኛዎች ተሰቀለ። ሽማግሌዎች ተቆጥተው መጡ፤ የሟቹ ቤተሰብ በለቀስተኛ ፊት አፈረ።

በማኅበሩ ስብሰባ «ማነው የሠራው?» ተብሎ ተጠየቀ። ማስተር ክዋበና ተነሥተው «ከቤቴ ነው የወጣው። እኔን ጻፉ» አሉ። እንደ አገሩ ልማድም ለሽማግሌዎቹ የይቅርታ በግና ሁለት ጠርሙስ የጂን መጠጥ አቀረቡ። ማኅበሩ ለሁለት ዓመት እንዳያስተምሩ አገዳቸው። ነቀፋ የሌለባቸው መምህራን ፎቶ በሚሰቀልበት በአዳራሻችን ግድግዳም ለእሳቸው የተመታው ሚስማር አሥራ አንድ ዓመት ባዶውን ቆየ።

ያንን ፖስተር የሠራችው በወቅቱ በፎቶ ቤቱ ተቀጣሪ የነበረችው፣ ዛሬ የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነችው አፍራኮማ ሳርፎ ናት። ማስተር ክዋበና በዕለቱ ከከተማ ውጭ ነበሩ፤ ፖስተሩን ያዩት ከተሰቀለ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ በስብሰባው ላይ ተገኝታ ነበር፤ አልተናገረችም። ባሏ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበርና እንጀራዋ እንዳይቋረጥ እሳቸው ሸፈኗት። ከስብሰባው ሲወጡ የነገሯት ይህን ብቻ ነው፦ «የአንገቱን ብርሃን አላየሽውም፣ አፍራኮማ። ነገ ጠዋት ነይ፣ ከአንገቱ እንጀምራለን።» ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንሥተውባት አያውቁም።

ጸሐፊዋ ይህን ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ያስታወቀችው ማርች 14 ቀን ነው። ኮሚቴው በማስተር ክዋበና ላይ የተላለፈውን ቅጣት ሰርዟል። የጸሐፊዋ ጉዳይ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ይታያል፤ ይህን መግለጫ ራሷ እንድትጽፍም ታዝዛለች።

የማስተር ክዋበና ፎቶ በቀብራቸው ዕለት ቅዳሜ፣ አስከሬናቸው ከቤት ከመውጣቱ በፊት፣ በግድግዳው ላይ እንዲሰቀል የባለቤታቸው የወይዘሮ ሴርዋ ፈቃድ ተጠይቋል። ወይዘሮ ሴርዋም «ስቀሉት። ግን ጎረምሳ አታድርጉብኝ። ሽበቱን የምታጠፋ እጅ ቤቴ እንዳትገባ» ብለዋል። ፎቶውን ማን ያስተካክለው ሲባሉም «ያስተማራት ትሥራው» አሉ።

ለወይዘሮ ሴርዋ፣ ለአራቱ ልጆቻቸው፣ በፎቶ ቤታቸው ለሠሩና ለተማሩ ሁሉ ማኅበሩ ልባዊ መጽናናትን ይመኛል። የከተማችን አንሺዎችና አስተካካዮች ቅዳሜ ሱቃቸውን ዘግተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአዳራሹ እንዲገኙ እንጠይቃለን።

ጸሐፊዋ ባስተካከለችው የማስተር ክዋበና ፎቶ ላይ ከሌንሱ አቧራ የመጣች አንዲት ነጥብ ብቻ ተነሥታለች። ራሱም፣ አንገቱም፣ ልብሱም የእሳቸው ናቸው። በመዳፍ መጠን የታተመው ትናንት ለእማማ ፖኩዋ ታይቷል። «ይሄ ማነው?» ሲባሉ «ክዋበና ነዋ፤ ምን ያስጠይቃል» ብለዋል።

አፍራኮማ ሳርፎ
የማኅበሩ ጸሐፊ
ኩማሲ፣ ማርች 19 ቀን 2024