ጣሪያው ተቆልፎ ያመለጠችኝ ፕላኔት

ሐሙስ

አለፈች! ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት መሻገር ስትጀምር፣ እኔና የክፍሌ ልጅ አቤል ቴሌስኮፑን ታቅፈን እሱ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተገትረናል። ለሚ ኩራ ድረስ የሄድኩት ለዚህ ነው? የጣሪያው በር ተቆልፏል። ቁልፉ ዘበኛው ኦቦ ቶሎሳ ጋ ነው፤ እሳቸው ቤታቸው፣ ስልካቸው ዝግ። የሕንፃውን ኮሚቴ በደብዳቤ አስፈቅጃለሁ እኮ! ጠዋት ሲመጡ በሰው ፊት ጮህኩባቸው። «ልጄ፣ የተባልኩት ለዛሬ ሌሊት ነው» አሉ። ሰበብ!

አርብ

አቤል ደወለ። ኦቦ ቶሎሳ ትናንት ሌሊት በሩን ከፍተው እስኪነጋ ጠብቀውናል።

የደብዳቤውን ቅጂ አወጣሁ። «ሐሙስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ይላል። የራሴ ጽሑፍ። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኔም እሱ ያለውን ገልብጬ ጻፍኩ። ለኛ ሰው ግን ያ የረቡዕ ሌሊት ነው። ሁለት ዓመት የፕላኔት ሰዓት ሳሰላ ከርሜ የአገሬን ሌሊት ሳትኩ። ደደብ ነኝ።

እሁድ

የፕላኔቷ ስም ኤችዲ 209458 ቢ ነው። እኔ ነገረኛዋ ብያታለሁ። ግዙፍ የጋዝ ኳስ፤ ከሺህ ዲግሪ በላይ ትግላለች፣ አየሯ እየሾለከ ወደ ህዋ ይፈሳል። ዓመቷ ሦስት ቀን ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደግማ ተሻገረች፣ በጠራራ ፀሐይ! ሳሊተ ምሕረት ቤታችን በረንዳ ላይ ቆሜ ሰደብኳት።

የሚቀጥለው መሻገሯ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳትጨርስ ይነጋባታል፣ ከዚያ ክረምት ይገባል። አማካሪዬ «የራስሽ ልኬት ከሌለ ዘንድሮ አትመረቂም» ብለውኛል።

ረቡዕ

ኦቦ ቶሎሳን ለብቻቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። «ስትጮሂ ብቻችንን ነበርን?» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ደግሞ ልክ ናቸው። በሩ ጋ ውሃ የሚቀዱት ሁሉ እየሰሙ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እርስዎ አላጠፉም» አልኩ። ፊቴ ነደደ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሐሙስ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንዳለፈ የኮከቡ ብርሃን መቀነስ ጀመረ። አንድ ነጥብ አምስት በመቶ ገደማ። ወረደ! አቤል አቀፈኝ። አስር ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ሳይወጣ፣ ደመና ደፈነው፣ አልተገለጠም። በንዴት አለቀስኩ።

ጠዋት ያለኝን ለአማካሪዬ ላክሁ። «መውረዱን አየሁት፤ መውጣቱስ የታል?» ብለው መለሱ። በቃ፣ ይኼው ነው። አይበቃም አላሉም፣ ይበቃልም አላሉም። መልስ ለመጻፍ ንዴቴ እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነው።