ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ፦ የወይዘሮ ብርሃንነሽ ጀቤሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ጀቤሳ ከአባታቸው ከአቶ ጀቤሳ ኩመራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረገጥ ገበየሁ ታኅሣሥ 3 ቀን 1955 ዓ.ም. በሊሙ ገነት ተወለዱ። አባታቸው በቡና መግዣ ጣቢያ ሚዛን ላይ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ከሸዋ መጥተው ሊሙ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ብርሃንነሽ በአባታቸው በኩል ኦሮምኛ፣ በእናታቸው በኩል አማርኛ ይዘው አደጉ። ሲቆጡ በሁለቱም ይቆጡ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ምስክር ነው።

ይህን የምጽፈው አማቻቸው ሚሊዮን ነኝ። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች “አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ቀን አታሳስትም” ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ባለቤቴ ጽዮናዊት ደግሞ “በቅደም ተከተል ጻፍ፣ ወሬ አታብዛ” ብላኛለች። እሞክራለሁ። ነገር ግን አንድ ዓመት ላይ ስደርስ ቆም ማለቴ አይቀርምና ታገሡኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሊሙ ገነት ተከታተሉ። ሁለተኛ ደረጃን ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው ተምረው በ1974 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ለእረፍት ሊሙ ሲመለሱ አባታቸው ከሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠው የገበሬውን ኪሎ ያስጽፏቸው ነበር። ከገበሬ ኪሎ ላይ የሚቀንስ ሰው ሲያዩ አቶ ጀቤሳ የሚሏት አንዲት አባባል ነበረች፦ “ዱጋን ኒ ቀላቲ መሌ ሂን ጪቱ”፤ እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም። ልጃቸው ይህችን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ይዘዋት ኖሩ።

በ1976 ዓ.ም. በሊሙ ገነት አጠገብ በሚገኘው የገበሬዎች ማኅበር በረዳት ገንዘብ ያዥነት ተቀጠሩ። ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ሲቋቋም እሳቸውን ከነካዝናቸው እየተረከበ ቀጠለ። በ1981 ዓ.ም. በጅማ አጠገብ በደዶ ያስተምሩ ከነበሩት ከመምህር ጎሳዬ ወልደ ሰንበት ጋር በሕግ ተጋብተው ጽዮናዊትንና ዓለምብርሃንን ወለዱ። መምህር ጎሳዬ በ1994 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ወይዘሮ ብርሃንነሽ ሌላ ባል አላገቡም። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር “ሁለት ልጅና አንድ ካዝና ይበቃኛል” እያሉ ቡና አጠጥተው ይሸኙ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የምቆመው።

በ2005 ዓ.ም. ማኅበሩ ኮምፒዩተር ገዛ። የሒሳብ ሥራው ሁሉ ፒችትሪ በሚባለው ፕሮግራም እንዲሠራ ተወሰነና ከኮሌጅ የወጣ አንድ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ተቀጠረ። ስሙን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ወይዘሮ ብርሃንነሽ እሸት ቡና ይዞ ለመጣ ገበሬ ከካዝና ይከፍላሉ፣ ገበሬው የሚፈርምበትን የክፍያ ሰነድ ለወጣቱ ይሰጣሉ፣ ወጣቱ ደግሞ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል። ሥራው ይኸው ነበር።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ሒሳብ ሲመረመር ከካዝናው ብር 84,600 ጎደለ ተባለ። ኮምፒዩተሩ ተከፈለ የሚለውና ካዝናው ውስጥ የተረፈው አልገናኝ አለ። ወይዘሮ ብርሃንነሽ “የከፈልኩትን ከፍያለሁ፤ ሰነዱን አስረክቤያለሁ” አሉ። የተሰጣቸው መልስ “ኮምፒዩተር አይዋሽም” የሚል ነበር። ሠላሳ ዓመት ካዝና የያዘች ሴት ትዋሻለች፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ማሽን ግን አይዋሽም! ከሥራ ታገዱ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልከፈሉ ክስ እንደሚመሠረትና ቤታቸው እንደሚሸጥ በደብዳቤ ተነገራቸው።

የእድራችን ገንዘብ ያዥም እሳቸው ነበሩ። ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ማንም ሳይጠይቃቸው የሣጥኑን ቁልፍ ለእድሩ ዳኛ አስረከቡ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል ያን ቀን “ኧረ እትዬ ብርሃንነሽ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ” ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ከሁላችሁም የምከፋው እኔ ነኝ፤ እደርስበታለሁ።

ጥፋታቸውን የሚያሳይ ነው የተባለውን፣ ከኮምፒዩተር የታተመውን አርባ ገጽ ዝርዝር ማኅበሩ ሰጣቸው። በእንግሊዝኛ፣ በፕሮግራሙ ምሕጻረ ቃልና ኮድ የተሞላ ነው። ዴቢትና ክሬዲትን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ያቺን ወረቀት ግን ማንበብ አልቻሉም። ዝርዝሩን በፌስታል ጠቅልለው ጅማ ወረዱ። ቦሳ አዲስ አብሮ አደጋቸው ወይዘሮ ሀያት ቤት አረፉ። ወይዘሮ ሀያት “ጠበቃ እንያዝ” ቢሏቸው “ጠበቃውም የሚያነበው ይህንኑ ወረቀት ነው። መጀመሪያ እኔ ላንብበው” አሉ። ለትዳራቸው የተሰጣቸውን የወርቅ ሐብል ሸጠው በሃምሳ አንድ ዓመታቸው የኮምፒዩተር ሒሳብ ለመማር ተመዘገቡ።

የዚያን ጊዜ አስተማሪያቸው ሰሚር ትናንት ለቅሶ ቤት መጥቶ አጫውቶናል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሃያ ዓመት ልጆች ነበሩ። “ማዘር” ነበር የሚሏቸው። እሳቸው መልመጃውን መጀመሪያ በወረቀት፣ በእጃቸው ሠርተው ሳይጨርሱ ኪቦርዱን አይነኩም። ማሽኑና ወረቀቱ ሲስማሙ “ጎበዝ” ይሉ ነበር፤ ማሽኑን ማለታቸው ነው። ልጆቹ ማሽኑን ያውቃሉ እንጂ ገንዘብ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ አያውቁምና ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚጠይቁት ሰሚርን ሳይሆን እሳቸውን ሆነ። ሰሚር “ወላሂ እኔም እጠይቃቸው ነበር” ብሏል።

አንድ ቀን መልመጃ ሲሠሩ የጥቅምት 30 ክፍያ ለማስገባት ሞከሩ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ወር ሁለት፣ ቀን ሠላሳ ብለው ጻፉ። ማሽኑ እምቢ አለ። ደግመው ጻፉ፤ እምቢ አለ። ሰሚር መጥቶ አየና ሳቀ። “ማዘር፣ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። የእነሱ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል” አላቸው። ወይዘሮ ብርሃንነሽ አልሳቁም። ፌስታላቸውን ፈተው ዝርዝሩን ያገላብጡ ጀመር። የሁለተኛው ወር ክፍያ ሃያ ስምንት ላይ ቆሟል። ቀጥሎ ያለው ኅዳር አንድ ነው። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የሉም። “ቡና በደረሰበት በጥቅምት መጨረሻ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሊሙ ላይ አንድም ሰው ቡና አልሸጠም ማለት ነው?” አሉና ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሰሚር ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲያለቅሱ አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወጣቱ የእኛን ቀን እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባ ኖሯል። ሁለቱን ቀን ማሽኑ ሲመልስበት ሰነዶቹን በፖስታ አድርጎ “ኋላ እጠይቃለሁ” ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸውና ረሳቸው። የካቲት 20 ቀን 2006 ዓ.ም. ሰነዶቹ ተገኙ፤ ተደመሩ፤ ብር 84,600 ሆኑ። ሊቀ መንበሩ አቶ ሸኩር አባቦራ በስብሰባ ላይ ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ወይዘሮ ብርሃንነሽ “ማሽኑ የእኛን ጥቅምት አያውቅም፤ አላስተማርነውም” ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በእጃቸው ጽፈው ከኮምፒዩተሩ በላይ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። እስከ ዛሬ አለ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዙሪያው ካሉ የቡና ከተሞች የሚመጡ ገንዘብ ያዦችን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ሒሳቡን በኮምፒዩተር አስተምረዋል። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ወይዘሮ ሶረቲ ዛሬ የማኅበሩን ካዝና ይዘዋል።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በጅማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ጽዮናዊትና ዓለምብርሃን የተባሉ ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንደ እኅት የሚያዩአቸውን ወይዘሮ ሀያትን፣ ያስተማሯቸውንም ብዙ ልጆች ትተውልን ሄደዋል።

አሁን የወጣቱን ስም ልናገር። እኔ ነኝ፤ ሚሊዮን ነኝ።

መርሳቴን የሚያውቁ ጥቂቶች አሉ። የማታውቁት ይህን ነው። ፖስታውን ያስታወስኩት እሳቸው በታገዱ በስምንተኛው ቀን ነው። መሳቢያውን ከፍቼ አየሁት፤ መልሼ ዘጋሁት። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ሐብላቸውን ሸጠው ሲማሩ፣ ቁልፋቸውን ሲያስረክቡ፣ እኔ ከዚያ መሳቢያ ፊት ተቀምጬ ደመወዝ እበላ ነበር። ከጅማ ሲመለሱ ከማንም በፊት ወደ እኔ ቢሮ ገቡና በሩን ዘግተው “ልጄ፣ የጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ሰነድ የት ነው?” አሉኝ። እጄን ሰድጄ አወጣሁት። የት እንዳለ ልፈልግ አልሞከርኩም፣ አላመነታሁም። እያወቅሁ እንደደበቅሁት ያን ጊዜ ገባቸው። ፖስታውን ተቀበሉኝና “ይህን እኔ አልናገርም። ያንተ ነው” አሉ።

አራት ዓመት ቆይቼ ልጃቸውን ስጠይቅ አልከለከሉኝም። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አላነሡብኝም። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ሳለሁ፣ “ተናገርክ?” አሉኝ። “አልተናገርኩም፣ እማማ” አልኳቸው። “ጊዜ አለህ” አሉኝ። እሳቸው ግን ጊዜ አልነበራቸውም።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ለጽዮናዊት አነበብኩላት። እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያም “እንዳለ ይነበብ” አለችኝ። እነሆ አነበብኩ። የእድሩ አባላት፣ የማኅበሩ አባላት፣ ከመሳቢያዬ ፊት ተቀምጬ የእሳቸው ስም ሲጠፋ ዝም ያልኩ እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ። መዝገባችሁንም እንዲህ አስተካክሉልኝ፦ ጥቅምት 29 እና 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ብር 84,600 ለገበሬዎች ተከፍሏል። የከፈሉት ብርሃንነሽ ጀቤሳ ናቸው።

ሳይጎድልባቸው ጎደለባቸው የተባሉትን እናታችንን ፈጣሪ ከምሕረቱ ምንም ሳያጎድል ይቀበላቸው። አሜን።